ልጅ ለመውሰድ የመጡት እንግዶች፦ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአገራችን

በሚሌኒየሙ አካባቢ ባሉት ዓመታት ቦሌ አየር ማረፊያ ሄዶ የሌሊት በረራ የሸኘ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ደረታቸው ላይ በማዘያ የታቀፈ የኛ ሕፃን፣ በእጃቸው ደግሞ የታሸገ ፖስታ። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ከሆነ ያንን ፖስታ ራሳቸው መክፈት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ለኢሚግሬሽን ሹሙ እንደታሸገ ያስረክቡታል። በውስጡ የሕፃኑ የቪዛ ፋይል አለ። እናቱ ማን እንደሆነች፣ አባቱ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ተጽፎበታል።

ከማኅበራችን አባሎች መካከል በዚያ ዘመን በሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት የነበሩ አሉ። እንግዶቹ በሚያርፉበት ቤት ወጥ የሠሩ፣ ቡና ያፈሉም አሉ። ልጃቸውን የሰጡም አሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያኔ ታቅፈው የሄዱት ልጆች ጎልምሰው እየመጡ «እናቴን አውቃችሁ ይሆን?» ማለት ስለጀመሩ፣ የነገሩን ታሪክ ከመነሻው አንሥተን ለአባሎቻችንም ለደጋፊዎቻችንም ብንጽፈው ይጠቅማል ብለን ተስማማን። ከደጋፊዎቻችን መካከል ራሳቸው አሳዳጊ ወላጆች የሆኑ እንዳሉ እናውቃለን፤ የምንጽፈው እነሱም እንደሚያነቡት አውቀን ነው።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ነው የተወሰደው፤ ለራስ ማሳደግ እንደማለት ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከወለዱት ልጅ እኩል ይወርሳል፣ እኩል ይከበራል፤ የወለዱት ግን ጠፍተው የሚቀሩ አልነበሩም፣ ይጠይቁታል፣ እሱም ያውቃቸዋል። በአማራው ዘንድ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ የሚባል ነበረ። አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባና ከዚያ ወዲያ ልጄ ይላል። ሥርዓት ያልተደረገለትማ ስፍር ቁጥር የለውም። አክስት ጋ ሄዶ የተማረ፣ ከገጠር መጥቶ ከተማ ዘመድ ቤት ያደገ፣ እናቱ ስትሞት ጎረቤት የወሰደው። ከመካከላችን ግማሻችን እንዲህ ነው ያደግነው። የዚህ ሁሉ መሠረት አደራ የሚለው ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤት አይሆንም፤ ጠያቂ አለበት።

ይህን ልማድ ጽሑፍ ላይ ያሰፈረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ጉዲፈቻ በውል እንዲሆን፣ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ግን ውሉ እንዳይጸና ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጉዳዩን በሰፊው ይዞታል። አሳዳጊው ዕድሜው ከ25 ዓመት እንዳያንስ፣ የልጁ አስተያየት እንዲሰማ፣ አሳዳጊው የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ ልጁ እዚሁ አገር ሊያድግ የሚችልበት መንገድ አለመኖሩ እንዲታይ ያዝዝ ነበር። ከሁሉ በላይ ልብ ያልነው አንቀጽ ግን 183 ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም ይላል። የአደራን ሐሳብ ሕጉ አልጣለውም ማለት ነው። ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ወደ ውጭ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጥቂት ነበሩ። ከነሱ መካከል ዓለም የሚያውቀው ኒውዮርክ ያለው ምግብ አብሳይ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። የተወለደው ካሳሁን ጸጌ ተብሎ ነው። በ1960ዎቹ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት እሱና እኅቱ ወደ ስዊድን በጉዲፈቻ ሄዱ፤ ያደጉትም ጎተንበርግ ነው። አባታቸው ሞቷል ብለው ነበር የሚያምኑት። ብዙ ዓመት ቆይቶ አባትየው በሕይወት እንዳለ፣ ሌሎች ልጆችም እንደወለደ ታወቀ። ማርከስ ይህን በመጽሐፉ በግልጽ ተርኮታል። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ላይ የደረሰ ልዩ አጋጣሚ ይመስል ነበር። ኋላ ግን ወላጁ እያለ ወላጅ አልባ ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ብርቅ መሆኑ ቀረ።

በደርግ ዘመን መንግሥት ልጆቹን እዚሁ ማሳደግን ነበር የመረጠው፤ በአላጌ የተቋቋመውን የሕፃናት አምባ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በግል ደግሞ እዳዬ የምንላቸው አበበች ጎበና ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ረሀብ ከወደቀበት መንገድ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ የነበሩት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸውም ዘመዶቻቸውም አብደሻል አሏቸው። እሳቸው ዶሮ ቤት ውስጥ እያደሩ አሳደጉ። ለሴቶች ማኅበር ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ አናውቅም፤ ስለዚህ ከርዕሳችን ትንሽ ቢያወጣንም ሳንጠቅሰው ማለፍ አልፈለግንም።

ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ ነው። ኤችአይቪ እናቶችንና አባቶችን አንድ ላይ ይወስድ ነበር። የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የሞቱት ልጆቻቸውን ለአያት፣ ለአክስት፣ ለማሳደጊያ ትተው ሞቱ። በዚሁ ጊዜ በሌላው ዓለም በሮች ይዘጉ ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2007 መመዘኛዋን አጠበቀች፤ ጓቲማላ በዓመቱ ጉዲፈቻውን አቆመች። በ1997 ክረምት የፊልም ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ከአዲስ አበባ ሕፃን ልጅ ይዛ ሄደች፤ ፎቶው በዓለም ዞረ። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ልጆች በዚያ ዓመት ከ500 በታች ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ2,500 በላይ ሆኑ። ከቻይና ቀጥሎ ለአሜሪካ ብዙ ልጅ የምትሰጥ አገር ሆንን። ስፔን፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ዴንማርክ የሄዱትም አሉ። አሜሪካ ብቻ በጠቅላላው ከ15,000 በላይ ልጆች ወስዳለች።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ።

እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ አሳዳጊዎቹ የሚመጡት አንድ ጊዜ ነበር። ለጉዲፈቻ ድርጅቱ ውክልና ይሰጣሉ፤ ወኪሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያስጨርሳል፤ እነሱ አገራቸው ሆነው «ጸድቋል» የሚል ስልክ ይደርሳቸዋል። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ይወጣል፣ የኤምባሲው ቀጠሮ ይያዛል፣ እነሱም መጥተው ሳምንት ቆይተው ልጁን ይዘው ይሄዳሉ። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት በሕግ ልጃቸው ከሆነ በኋላ ነው። ሞግዚት የነበሩ አባሎቻችን እንደሚሉት፣ ከመጡት መካከል ልጁን ሲያዩ የደነገጡ ነበሩ። ሕፃን ነው የተባለው ሦስት ዓመት አልፎት የሚሮጥ ይሆናል፤ ጤነኛ ነው የተባለው ይታመማል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ካለቀ ቆይቷል።

ከግንቦት 2002 ጀምሮ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሳዳጊዎቹ ራሳቸው እንዲቀርቡ አዘዘ። ጉዞው ሁለት ሆነ። በመጀመሪያው ይመጣሉ፣ ማሳደጊያ ሄደው ልጁን ያያሉ፣ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ከልጁ ጋር ተገናኝታችኋል ወይ? ጉዲፈቻው ጸድቆ ካለቀ በኋላ እንደማይመለስ ታውቃላችሁ? ስለ አገሩ ታስተምሩታላችሁ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የአስተያየት ደብዳቤ በዚያ ቀን ከፋይሉ ካልተገኘ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል። ከዚያ ልጁን ትተው ይመለሳሉ። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አልፈው ለኤምባሲው ቪዛ ዳግመኛ ይመጣሉ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ስለሚዘጋ ሐምሌ ላይ ያልተጨረሰ ፋይል እስከ ጥቅምት ይጎተታል።

ይህ ሁለተኛ ጉዞ ብዙ ሰው አማረረ፤ ወጪውም ቀላል አልነበረም። በኛ አስተያየት ግን ከወጡት ደንቦች ሁሉ ይሄ በጣም አስተዋይ ነበር። ሰው ልጅን ሳያየው ልጄ ነው ብሎ መፈረም የለበትም። ያስቸገረው የልጁ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ሦስት አራት ቀን አቅፈውት፣ አጫውተውት፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። ልጁ ይጠብቃል። በማሳደጊያው የሠራች እኅታችን እንዳለችው፣ ከአሳዳጊዎቹ መሄድ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ለሞግዚቶቹ ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ፎቷቸውን አልጋው አጠገብ ይለጥፉለታል፤ እሱ ግን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል።

በቀረው ጊዜ እንግዶቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው። ሽሮ ሜዳ ከኤምባሲው ብዙ አይርቅም፤ ለልጁ የሀበሻ ልብስ በየዕድሜው ይገዛሉ፣ የሁለት ዓመቱን፣ የአምስት ዓመቱን፣ የአሥር ዓመቱን። ቡና ይገዛሉ፣ ጀበና ይገዛሉ፣ በርበሬ የሚገዙም ነበሩ። እንጀራ መጋገር ለመማር ምጣድ ሥር አብረውን የቆሙ አሉ። የሴት ልጅ ጸጉር እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁ እናቶች ነበሩ፤ ያሳየናቸው እኛ ነን። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ለዓመታት ልጅ አጥተው ያለቀሱ፣ ያላቸውን ቆጥበው የመጡ ነበሩ። ይህን የምንለው ለደጋፊዎቻችን ደስ እንዲላቸው ሳይሆን እንደዚያ ስለነበረ ነው።

ነገር ግን ጉዞ ሲባል ሁሉም የሚያወራው ከውጭ ስለሚመጡት ነው። ሌላ ጉዞ ነበር። ልጆቹ በብዛት የሚመጡት ከደቡብ ነበር፤ ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታ። አንዲት እናት ልጇን ለመስጠት ከቀበሌ ወረቀት ታወጣለች፤ ባሏ መሞቱን፣ ማሳደግ አለመቻሏን የሚያስረዳ። በወረዳው ትፈርማለች፣ መጻፍ ካልቻለች በጣቷ ታትማለች። ከዚያም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ እዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ትቀርባለች። እሷ አማርኛው የማይገባት ከሆነ አስተርጓሚ አለ። ዳኛው «በፈቃድሽ ነው?» ይላል። «አዎ» ትላለች። ሲመሽ በመጣችበት አውቶቡስ ትመለሳለች።

ይህን ጉዞ ያደረገች አባል አለችን። ባሏ ሲሞት አራት ልጆች ነበሯት፤ ትንሹን ሰጠች። ደላላው ምን እንዳላት ስንጠይቃት ቃሉን ደግማ ነገረችን። «ይማራል፣ ሲያድግ ይመጣል፣ አንቺንም ያግዝሻል።» እሷ የሰማችው ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ነው፤ የምታውቀውም የአገሯን ነው። ልጅ ሄዶ ይማራል፣ ወላጁን አይረሳም። እነዚያ ደግሞ በእንግሊዝኛው የሰሙት ሌላ ነው። በነሱ ሕግ ጉዲፈቻ የቀድሞውን ቤተሰብ ጨርሶ ይቆርጣል፤ ስም ይለወጣል፣ በአዲሱ የልደት ወረቀት ላይ እናት ተብላ የምትጻፈው አሳዳጊዋ ናት። የኛ አንቀጽ 183 ድንበር ሲሻገር የሚያስፈጽመው የለም። በአንድ ችሎት፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ወገን በእውነት «አዎ» ብለዋል፤ አዎ ያሉት ግን ለተለያየ ነገር ነው። ወንጀል ያልተሠራበትም ፋይል ይህ ችግር አለበት፤ ለዚህ ነው አጥፊ ፈልጎ በመቅጣት ብቻ የማይፈታው።

አሳዳጊዎቹ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየጊዜው ሪፖርት ከፎቶ ጋር እንዲልኩ ይጠበቅ ነበር። የሚላከው ግን ለሚኒስቴሩ ነው እንጂ ለእናቲቱ አይደለም። አንዳንዱ ድርጅት ግልባጩን ገጠር ድረስ ያደርስ ነበር፤ ብዙው ግን አላደረሰም። የኛዋ አባል ሁለት ፎቶ ደርሷታል። በሁለተኛው ልጁ በረዶ ላይ ቆሟል።

ወንጀልም ነበረ። ሰውየው በሕይወት እያለ ሞቷል የተባለበት፣ ዕድሜ የተቀነሰበት፣ ዘመድ እያለው ተጥሎ ተገኘ ተብሎ የፖሊስ ማስረጃ የወጣለት። ለጉዲፈቻ የሚከፈለው በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ ይህን ያህል ገንዘብ ድሃ ወረዳ ውስጥ ሲገባ ልጅ የሚፈልግ ሰው ይፈጠራል። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን ፋይል ወደ አምስት አወረደው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኛ ጋር የነበራትን ፕሮግራም ዘጋች። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከኢትዮጵያ ለሚወሰዱ ልጆች ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ብሎ ከሰሰ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የሄደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ያን ዜና የሰማን ቀን በየቤታችን ስናለቅስ ነው የዋልነው። ልጇን የሰጠች እናት ሁሉ የኔ ትሆን ይሆን ወይ አለች።

በሚያዝያ 2009 መንግሥት ሥራውን አገደ። ጥር 1 ቀን 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ጉዲፈቻን ከለከለ። ፍርድ ቤት ያጸደቀላቸው ሆነው መውጫ ያጡ ቤተሰቦች በመሀሉ ለወራት ተንገላተዋል።

ክልከላው ትክክል ነበር ወይ? በዚህ እኛም አንድ አይደለንም፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሦስት ሰኞ ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን አገር ልጁን መሸጥ የለበትም፣ ዘግይቶም ቢሆን ተዘጋ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ በማሳደጊያ የቀሩትን፣ በተለይ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸውን እናነሣለን፤ እነሱን የሚወስድ የአገር ሰው ከስንት አንድ ነው። አገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይፈቀዳል፣ ይበረታታልም። ወስደው የሚያሳድጉትም አሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው ጤነኛና ጨቅላ ሕፃን ነው፣ ከዚያም ለጎረቤት «ወለድኩት» ብሎ መደበቅ ይቀናዋል። ይህ መደበቅ ከፈረንጁ መቁረጥ በምን እንደሚሻል ያስረዳን የለም።

አንድ የተስማማንበት ነገር አለ። ልጃቸውን የሰጡት አባሎቻችን ያን ጊዜ የጎደላቸውን ስንጠይቃቸው ያሉን አነስተኛ ነገር ነው። አንዷ የቤት ኪራይ አለች። አንዷ ለጉሊት መነሻ የሚሆን ሽንኩርትና ድንች አለች። ሌላዋ መድኃኒቱ ተጀምራ ጉልበቷ እስኪመለስ ልጁን የሚይዝላት ሰው አለች። ዛሬ ከቁጠባችን ሣጥን የምናበድረው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ የደጋፊዎቻችንም ብር እዚህ ላይ ነው የሚውለው።

አሁን የሚመጡት ልጆች ደግሞ ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚይዙት ያው የፋይሉን ቅጂ ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተጻፈ ትክክለኛው አጠራር አይለይም። የአባት ስም የተባለው አንዳንዴ የማሳደጊያው ኃላፊ ስም ነው። ቀበሌው ከሌላው ተጠቃሏል፣ መዝገቡም ከቢሮ ቢሮ ሲዛወር ጠፍቷል። የዘር ምርመራ የሚያደርጉ አሉ፤ እዚህ ያለችው እናት ካልተመረመረች ግን የሚገጥም አይገኝም። እኛ የምናደርገው ወረቀቱን አንብበን ማስረዳት፣ ከዚያ ወደ ሠፈሩ ሄደን ከድሮ ጀምሮ የኖሩትን ሴቶች መጠየቅ ነው። የዕድር ጸሐፊ፣ አዋላጅ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት የማያውቁት የለም። እናቲቱ ከተገኘችም መጀመሪያ ብቻዋን እናነጋግራታለን። አዲስ ባል አግብታ ልጅ እንደሰጠች ያልነገረች ሊሆን ይችላል፤ መገናኘቱን የምትወስነው እሷ ናት።

በዚህ ዓመት ሦስት ጥያቄ ደርሶናል። አንዱ ተሳክቷል፤ አንዱ እናቲቱ ማረፏን ነግረን መቃብሯን በማሳየት አበቃ። ሦስተኛውን አሁንም ይዘነዋል። በሶዶ አካባቢ በ1999 ወይም በ2000 ዓ.ም. መንታ ወልዳ አንደኛዋን ለማሳደጊያ የሰጠች ሴት የምታውቁ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስንሰበሰብ መጥታችሁ ወይም ሰው ልካችሁ ንገሩን።